ስለ ቢቢ ኪንግና ስለ ጊታሩ ሉሲል

በአሜሪካ ደቡብ፥ በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፥ ኢታ ቤና በምትባል ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1925 የተወለደው ራይሊ ቢ. ኪንግ፥ ቢቢ ኪንግ ተብሎ በብሉዝ ሙዚቃ ስመ ጥር ከመሆኑ አስቀድሞ ጥጥ ለቃሚ ነበረ፤ ጊታር መያዝን ያሳየውም የመሸታ ቤት ዘፋኝ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ጊታር እየመታ የሚያገለግል ሰባኪ ነው። ስለዚህ ሰባኪው ሲጠራ ምእመናን የሚመልሱበት ሥርዐት ከብሉዝ ቀድሞ በጆሮው አደረ፤ የኋላው ስልቱ ዐቢይ ምስጢርም ይኸው ይመስለኛል። ኪንግ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፤ እርሱ ሲያርፍ ጊታሩ ቃሉን ተቀብሎ ይመልሳል እንጂ ሁለቱ ባንድነት አይሰሙም።

ከቀደምት ሊቃውንት የወረሰው ብዙ ነው። ከቲ-ቦን ዎከር በኤሌክትሪክ ጊታር አንዱን አውታር ለብቻው እንደ ሰው ድምፅ ማናገርን፥ ከሎኒ ጆንሰን የአመታት ልስላሴን፥ ከጃዙ ሰው ከጃንጎ ራይንሃርት ደግሞ የዜማ ጌጥን ቀሰመ። የእናቱ ዘመድ ቡካ ዋይት በአውታሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ ልቅሶ መሰል ድምፅ ያወጣ ነበርና፥ ኪንግ ይህን ቢሞክር እጁ እምቢ ስላለው፥ አውታሩን በጣቱ ጫን ብሎ መዳፉን እያርገበገበ ያንኑ ድምፅ ለመምሰል ሲጥር፥ ያልሰመረው ቅጂ የማንም ያልሆነ የራሱ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ኮርድ፥ ማለትም ብዙ አውታሮችን ባንድነት መምታትም አይሆንልኝም ይል ነበር፤ ሌላውን ባሳፈረው ጉድለት እርሱ ከበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1949 በአርካንሳ ትዊስት በምትባል መንደር ሲጫወት፥ ሁለት ወንዶች ስለ አንዲት ሴት ተደባድበው የሚነድ የላምባ ዕቃ ስለ ገለበጡ ቤቱ በእሳት ተያያዘ፤ አምልጦ ከወጣ በኋላ ጊታሩን ለማዳን ተመልሶ ገባ። የሴቲቱን ስም «ሉሲል»ን ለጊታሩ ያወጣው፥ ብዙዎች እንደሚገምቱት ለፍቅር መታሰቢያ ሳይሆን፥ ያን ሞኝነት ዳግመኛ እንዳይሠራ ለተግሣጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 በቺካጎ ሬጋል ቴአትር የተቀዳው ዝግጅቱ ለጊታር ተማሪዎች እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሆኖ ሲያገለግል፥ እ.ኤ.አ. በ1969 የቀዳው «ዘ ትሪል ኢዝ ጎን» ዝናውን ከጥቁር አሜሪካውያን አድማጮች አልፎ አስፋፋው። ኤሪክ ክላፕተንን የመሰሉ ብዙ ጊታር ተጫዋቾች ተከትለውታል፤ ይሁን እንጂ የእጁን መርገብገብ የቀዱት ብዙ ሲሆኑ ዝምታውን የቀዱት ጥቂት ናቸው። ጊታሩን በተመለከተ ደግሞ፥ ከማጉያው የሚመለሰው ጩኸት እንዳያውከው በጊታሩ ቀዳዳዎች ጨርቅ ይጠቀጥቅ ስለ ነበር፥ የጊብሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ቀዳዳ የሌለውን ጊታር ሠርቶ «ሉሲል» ብሎ ሰየመው።