ሸምበቆ እና ክላርኔት

እረኛ ዋሽንት የሚሠራበትን ሸምበቆ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክላርኔት የሚባለው የፈረንጅ መሣሪያም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው በሸምበቆ ነው።

ክላርኔት ከዛሬ 300 ዓመት ገደማ በፊት ጀርመን አገር ተሠራ። አካሉ ብዙ ጊዜ ጠንካራ እንጨት ነው። አፉ ላይ ቀጭን የሸምበቆ ፍላጭ ይታሰራል። ሲነፉት ፍላጩ ይርገበገባል፤ ድምፅ ይወጣል። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው መኩሪያም ክላርኔት ነፍቷል። የጀመረው ግን በክራርና በመሰንቆ ነው።

እኔ ለብቻዬ ሁለት ወር ነፋሁ። የሚወጣው የዶሮ ጩኸት ነበር። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ልሸጠው ነበር። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ ሙዚቀኛ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ክላርኔቱን ትተው ጣቴን አዩ።

«ቀዳዳው በደንብ አልተደፈነም። ትንፋሽህ ያመልጣል» አሉኝ።

ፍላጩን በምራቅ እንዳርሰው፣ በጥርሴ እንዳልነክሰው አሳዩኝ። አንድ ወር ሙሉ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ አስነፉኝ። ሰለቸኝ፤ ግን አልቀረሁም። ከዚያ በኋላ ዜማ መጣ። ለካስ ጥፋቱ የጣቴ ኖሯል! ለብቻዬ ብሆን መች አየው ነበር?

ጥያቄ፦ በቀበሌያችሁ ዋሽንት የሚነፋ ማን ነው? ከማን ተማረ? ጠይቃችሁ ጻፉ።