አንድ የብሮድባንድ መስመር ለብዙ ኮምፒውተሮች፦ የቤት ውስጥ ግንኙነት አሠራርና አጠቃቀም

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር፣ ከመኖሪያ ቤት ሆኖ አገልግሎቱን ማግኘት የሚቻለው በመደበኛ ስልክ በመደወል ነበር። በዚህ ዘዴ ኮምፒውተሩ መስመሩን እስከያዘ ድረስ ስልኩ ለሌላ ጥሪ አያገለግልም፤ ፍጥነቱም ዘዴው ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት ጊዜ እንኳ ከ56 ኪሎቢት በሰከንድ አላለፈም። ብሮድባንድ ይህን ሁኔታ ከመሠረቱ ለውጦታል። ይሁን እንጂ ወደ ብሮድባንድ የተሸጋገረ ቤተሰብ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ አንዱ ልጅ ትምህርቱን በርቀት ሲከታተል ሌላው ቪዲዮ መላክ በጀመረ ጊዜ የመምህሩ ድምፅ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? የተለመደው መፍትሔ ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ነው። የመስመሩና የማጋሪያው አሠራር ሲመረመር ግን የችግሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚሰጠው ብሮድባንድ ኤዲኤስኤል ይባላል። በስልክ የሚተላለፍ የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎ ሄርዝ በታች ያለውን ድግግሞሽ ብቻ ስለሚጠቀም፣ ኤዲኤስኤል ከዚያ በላይ ያለውን ከ25 እስከ 1,104 ኪሎ ሄርዝ የሚደርሰውን ክፍል ለመረጃ ያውላል። ከዚህ ውስጥ እስከ 138 ኪሎ ሄርዝ ያለው ጠባብ ክፍል ለመላኪያ፣ የቀረው ሰፊ ክፍል ለመቀበያ ተመድቧል። ስለሆነም የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው እጅግ ያንሳል። ሁለቱ አገልግሎቶች እንዳይረባበሹ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ማጣሪያ መግጠም ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ቤቱ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ሞገዱ ስለሚዳከም፣ አንድ ዓይነት ጥቅል የገዙ ሁለት ቤቶች እኩል ፍጥነት ላያገኙ ይችላሉ። መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው የፋይበር መስመር ይህን የርቀት ገደብ በእጅጉ ያቃልላል።

መስመሩን ለኮምፒውተሮች የሚያከፋፍለው ራውተር ነው። አገልግሎት ሰጪው ለአንድ ቤት በአብዛኛው አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ይሰጣል። ራውተሩ በበኩሉ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ከቤት ውጭ የማይታወቅ የውስጥ አድራሻ ያድላል፤ በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች ከእነዚህ ናቸው። አሠራሩ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ከየክፍሉ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ይላካል፤ መዝገብ ቤቱ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግባል፤ መልሱ ያንኑ ቁጥር ጠቅሶ ሲመጣም ለባለጉዳዩ ክፍል ይመራዋል። ራውተሩም እንዲሁ የወጪውን ጥያቄ መዝግቦ፣ ምላሹን ለጠየቀው ኮምፒውተር ያደርሳል።

ከላይ የተነሣው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የመላኪያው ፍጥነት 1 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሆን፣ 100 ሜጋባይት የሆነ ቪዲዮ 800 ሜጋቢት ስለሆነ ለመላክ ቢያንስ 800 ሰከንድ፣ ማለትም ከ13 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ የተማሪው ድምፅና ምስል ከቪዲዮው ኋላ ወረፋ ይይዛል። መረጃ የሚቀበል ኮምፒውተርም «ደርሶኛል» የሚል አጭር ማረጋገጫ በየጊዜው መላክ ስላለበት፣ ማረጋገጫው ሲዘገይ መቀበያው ባዶ እያለ ግንኙነቱ ይጓተታል። የመቀበያ ፍጥነትን ብቻ የሚያሳድግ ጥቅል ይህን አይፈታም። የሚጠቅመው በራውተሩ ላይ ለድምፅና ለምስል ግንኙነት ቅድሚያ መስጠት ወይም ትልልቅ ፋይሎችን ቤተሰቡ በማይጠቀምበት ሰዓት መላክ ነው።

ሁለተኛው የመዘግየት ምንጭ ዋይ-ፋይ ነው። የ2.4 ጊጋ ሄርዝ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ሁኔታ ቢያልፍም በጎረቤት ራውተሮች ይጨናነቃል፤ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የ5 ጊጋ ሄርዝ ሞገድ ፈጣን ሲሆን በግድግዳ ይዳከማል። ችግሩን ለመለየት ሌሎቹን መሣሪያዎች አጥፍቶ አንድ ኮምፒውተር በገመድ ማገናኘትና ፍጥነቱን መለካት ይበቃል። በገመድ ፈጣን፣ በዋይ-ፋይ ዘገምተኛ ከሆነ፣ መለወጥ ያለበት የራውተሩ ቦታ ወይም ቻናሉ እንጂ ጥቅሉ አይደለም።

በመጨረሻም ማጋራት ኃላፊነትን ያስከትላል። መላው ቤት በአንድ አድራሻ ስለሚታወቅ፣ ሳይፈቀድለት የገባ ሰው የሚፈጽመው ድርጊት የባለመስመሩ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጋለጠውን ደብልዩኢፒ የተባለ የጥበቃ ዘዴ ትቶ በደብልዩፒኤ2 ወይም በደብልዩፒኤ3 መጠቀም፣ ከራውተሩ ጋር የመጣውንም የይለፍ ቃል መቀየር ይገባል። ለተጨማሪ ፍጥነት ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማጣሪያውን፣ የመላኪያውን ጭነት፣ ዋይ-ፋይውንና የይለፍ ቃሉን በቅደም ተከተል መመርመር አስቀድሞ የተከፈለበትን አገልግሎት በሙሉ ለመጠቀም ያስችላል።