ለዋልካ መሬት የሚሆን ብስክሌት

ከሙከጡሪ ተገንጥሎ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ በክረምት ያለፈ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለጠፋል። ጥቂት እርምጃ ሳይሄዱ ጫማ ይከብዳል። ሜዳው ሲያበቃ ግን መሬቱ ድንገት ተቆርጦ የጀማ ሸለቆ ይከፈታል። ጭላዳዎች በአፋፉ ላይ ሣር ይነጫሉ፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ የቆቅ ዝርያም በሸለቆው ይኖራል።

ድንኳን፣ ካሜራ፣ ውሃና ምሳ ጭኖ እዚያ አፋፍ ለመድረስ ለሚመኝ ቤተሰብ ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት ያጓጓል። ይህ ብስክሌት ስሙን ያገኘው በአላስካ በረዶና በአሜሪካ በረሃ አሸዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰርሊ የተባለው አምራች 3.7 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ የሚይዘውን ፐግዝሊ ለገበያ ሲያቀርብ በብዙዎች እጅ ገባ። በውጭ አገር አዳኞች ዕቃቸውን ይጭኑበታል። በእኛ አገር ግን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ስለሆነ፣ በጠመንጃው ፈንታ ካሜራ ይጫን።

ምስጢሩ ከጎማው ስፋት ይልቅ በውስጡ ያለው አየር ነው። የግመል እግር አሸዋ ላይ ተዘርግቶ እንደማይሰምጥ፣ አየሩ የቀነሰ ጎማም መሬት ላይ ይዘረጋል። ሰውና ዕቃው ከነብስክሌቱ 100 ኪሎ ቢመዝን፣ በ40 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በ36 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ10 ፒኤስአይ ሲሆን ይህ ወደ 140 ያድጋል። ቀጭን ጎማ ላይ አየር ይህን ያህል ብንቀንስ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፤ ለዚህ ነው ስፋቱ የሚያስፈልገው።

ቤት ያለውን ብስክሌት ለመለወጥ ያሰበ አባወራ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሜትር ይያዝ። 4 ኢንች ጎማ በተለመደው ቴላዮ ውስጥ አይገባም። ከፊት ሹካው እስከ ፔዳሉ መሃል ሁሉም ሰፊ ሆኖ መሠራት አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያ ለዚህ የተሠራ ቴላዮ መፈለግ፣ ከዚያ ዲስክ ፍሬን ማስገጠም ይሻላል። ነባሩ ብስክሌት ከሆነ ግን የሚችለውን ያህል ሰፋ ያለ ጎማ አድርጎ፣ በጎማውና በቴላዮው መካከል በየጎኑ ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መተው ነው። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ እኩል ይታሰር። ጭነቱ ሲጨምር አየሩም ትንሽ ይጨመር። ልጅን ከጭነት ላይ ማስቀመጥ አይታሰብም።

አሁን ሻጭ የማይነግራችሁን እንንገራችሁ። አሸዋና በረዶ አይጣበቁም፤ ዋልካ ይጣበቃል። ወፍራሙ ጎማ ባይሰምጥም ጭቃውን እየጠቀለለ ክፍተቱን ይሞላል፣ በመጨረሻም አይዞርም። ከአፋፉ ሲመለሱ ዝናብ ከያዘና ቀኑ ከመሸ፣ ከልጆች ጋር ብስክሌት መሸከም ቀልድ አይደለም። ከለሚ ብዙም በማይርቀው በእነዋሪ ገበሬዎች ውሃው እንዲወርድ መደብና ቦይ በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩት ከዚህ አፈር ጋር መታገል እንደማያዋጣ ስለሚያውቁ ነው። እኛም ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ሲጠነክር፣ ከጥቅምት በኋላ እንሂድ። ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን እንጠይቅ። ከእግር መንገዱ ወጥተን የሰው ማሳ አንርገጥ።

የግድ በጭቃው ወራት መሄድ ካለብንስ? ብስክሌቱን ቤት ትተን ከአገሬው ሰው አህያ ከነባለቤቱ እንከራይ። አህያዋ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ክፍያውም ለአንድ ቤት የዕለት ገቢ ይሆናል።