የማይታየውን ዓለም በአማርኛ መሰየም፤ የጎንደር ቃላትና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተርጓሚ

ከማይታይ ዓለም ነዋሪዎች ጋር ስለሚደረግ የመጀመሪያ ግንኙነት የሚተርክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ፣ ዋናው ችግር የቃል እጥረት ይመስለዋል። ሞተሩን ምን እንበለው፣ ጨረሩን ምን እንበለው እያለ ይጨነቃል። እኛ እንደምናየው ግን እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ብዙውን ይመልሳል፤ የቀረውን በውሰት ቃል መሙላት ይቻላል። የሚያስቸግረው ቃል የጠፋበት ሳይሆን ቃል የሞላበት ስፍራ ነው። አማርኛ ለማይታይ ነዋሪ ብዙ ስም አለው፤ ሆኖም ከስሞቹ አብዛኞቹ ነዋሪው ማን እንደሆነ፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት፣ አስቀድመው የወሰኑ ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ሕይወቱ ደግሞ እንግዳው አለመታወቁ ነው። የአርካዲና የቦሪስ ስትሩጋትስኪ «በመንገድ ዳር ሽርሽር» (እ.ኤ.አ. 1972) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ጎብኚዎቹ ጥለውት የሄዱት ዕቃ እንጂ እነርሱ ራሳቸው ከቶ አይታዩም። በአማርኛው እነዚህን ጎብኚዎች «መናፍስት» ያለ ተርጓሚ ሌላ መጽሐፍ ጽፎአል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ቅጽሉን እንመልከት። «ያልታየ»፣ «የማይታይ»፣ «ረቂቅ»፣ «ስውር» የሚሉት አራት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ እናያለን፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። «ያልታየ» እስከ ዛሬ ማንም አላየውም ማለት ነው፤ ነገ ሊታይ ይችላል። «የማይታይ» ግን ባሕርዩን ይናገራል። «ረቂቅ» የጎንደር የትርጓሜ መምህራን ቃል ነው፤ በአንድምታው ነፍስና መልአክ ረቂቃን፣ ሥጋና ድንጋይ ግዙፋን ናቸው። ዛሬ «ግዙፍ» ትልቅ ማለት ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ «ረቂቅ» ከአዋጅ ፊት ቆሞ ገና ያልጸደቀ ማለት ሆኖአል። ደግሞም «ረቂቅ ተሕዋስያን» በሚለው ስያሜ ለመልአክ ይነገር የነበረው ቃል በማጉያ መነጽር ብቻ ለሚታየው ሕይወት ተሰጥቶ በሚገባ ሠርቶአል። ስለዚህ አሮጌ ቃል አዲስ ፍቺ አይቀበልም የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም።

«ስውር» ከሁሉም ይበልጥ ያማረ፣ ከሁሉም ይበልጥም የሚያሳስት ቃል ነው። የተሰወረ ካለ የሰወረ አለና። በጎንደር ስለ ዛር ይነገር እንደነበር በተመዘገበው ተረት መሠረት ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ጊዜ ከመካከላቸው ውብ ውቦቹን ደበቀች፣ የተደበቁትም በዚያው ከዓይን እንደተሰወሩ ቀሩ፤ ዛሮች እነርሱ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ተረት የማይታየው ዓለም ነዋሪ እንግዳ አይደለም፣ የእናት ልጅ ነው። በገዳማቱ አካባቢ የሚነገርላቸው «ስውራን»ም እንደዚሁ ከእኛው መካከል የተሰወሩ ቅዱሳን ናቸው። ዝምድና በሌለበት ታሪክ «ስውር ዓለም» ብሎ መተርጐም ሳያውቁ ዝምድና መፍጠር ነው። «ብሔረ ብፁዓን» በሚለው አምሳል በ«ብሔር» አዲስ ስም እንፍጠር የሚል ሐሳብም ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ቃሉ ዛሬ በፖለቲካው ቋንቋ የያዘውን ፍቺ ሊያስጥለው የሚችል ተርጓሚ ያለ አይመስለንም።

ስለማይታይ ተናጋሪ መጻፍ በጎንደር ከተማ አንድ ጊዜ በተግባር ተፈትኖአል። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ በ1924 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1932) ጎንደር ገብቶ ለአምስት ወራት ያህል በተቀመጠ ጊዜ፣ ከአባላቱ አንዱ የነበረው ደራሲ ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በተባሉት የታወቁ ባለ ዛር ቤት እየተገኘ የሚባለውን ይመዘግብ ነበር። ያስተረጉሙለት የነበሩት ሊቁ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ናቸው። ለአስተርጓሚው ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። አንዲት ሴት በተቀመጠችበት ቦታ በየጊዜው ሌላ ሌላ ተናጋሪ «እኔ» ይላል፤ ሴትዮዋንም «ፈረሴ» ይላታል። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናቱ ይህን «ፈረስ» የሚለውን ቃል ሳያለዝብ በፈረንሳይኛ ፈረስ ብሎ አስቀምጦታል፤ መልካም አድርጎአል እንላለን። «መካከለኛ» ወይም «አገናኝ» ብሎ ቢያቃናው ኖሮ የጋላቢውና የተጋላቢው ነገር ይጠፋ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ዎልፍ ሌስላው ባለ ዛሮች የሚነጋገሩበትን ልዩ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1949 ለብቻው አጥንቶ አውጥቶታል።

እኛን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ስሙ ሳይሆን ግሡ ነው። ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ባለቤቱን መጥራት አይወዱም፤ «ያዛት»፣ «ሰፈረባት»፣ «ተነሣባት» ብለው ይተዋሉ። ማን? አይባልም። ይህ ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው የፈቀደው ነው፤ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ጨነቀኝ» የሚሉት ግሦች ባለቤታቸው ሳይጠራ የሚኖሩ ናቸው። ለማይታወቅ እንግዳ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በሌላ ቋንቋ መኖሩን እንጠራጠራለን። ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣው አጭር ልብ ወለዱ ለማይታየው ፍጥረት «ኦርላ» የሚል ስም ራሱ መፍጠር ግድ ሆኖበት ነበር፤ አማርኛ ተርጓሚ ግን ብዙ ገጽ ያለ ስም ሊሄድ ይችላል።

«ግንኙነት» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ያሻዋል። «ተገናኘ» የእርስ በርስ ግሥ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ይተያያሉ፣ ይተዋወቃሉ ማለት ነው። በስትሩጋትስኪዎች መጽሐፍ ጎብኚዎቹ ሰውን ልብ ማለታቸው እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ መልስ እስኪመጣ ድረስ «ንክኪ»ን እንመርጣለን። ቃሉ በ2012 ዓ.ም. ከኮሮና ሕመምተኞች ጋር ተያይዞ በየዕለቱ ይሰማ ስለነበር የበሽታ ጠረን አለበት ይባል ይሆናል፤ ይህ ግን ለእንዲህ ያለው ታሪክ ነውር አይሆንም። «ልክፍት» ግን ፍርዱን ጨርሶ የመጣ ስለሆነ አይሆንም።

አንድ ጉዳይ ይቀራል። አማርኛ ወንድም ሴትም ላልሆነ ነገር ተውላጠ ስም የለውም፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ነው። የጾታውን ውሳኔ ለማቆየት ለሚፈልግ ሰው ግን «መጡ» አለ። ይህ መልክ ለብዙም ለአንድ ክቡርም ያገለግላል፤ «ሌሊት መጡ፣ በሩን ሳይከፍቱ ገቡ» ቢባል አንባቢው የቁጥሩን ነገር፣ የጾታውንም ነገር አያውቅም፣ ተራኪውም አልዋሸም። ሰውዬው እንግዳውን ፊት ለፊት ማናገር ሲጀምር «አንተ» ወይም «አንቺ» ቢል ያልታወቀውን ይወስናል። «እርስዎ» ይህን ያስቀራል፤ የቢሮ ደብዳቤ ጠረን ስላለበት ግን ጎንደሬ ሽማግሌን የሚያናግርበትን «አንቱ»ን እንመርጣለን። «አንቱ ማን ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ ፈርቶም አክብሮም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ከሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ይታወቃል።