ጠገራ ብር በገበያ እንዴት ይሠራ ነበር?

ከአያት የቀረ ትልቅ የብር ሳንቲም ካለዎት ያውጡትና አብረን እንየው። በአንዱ ፊት ክንብንብ ያደረገች ሴት፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ካለ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። አባቶቻችን ጠገራ ብር ይሉታል።

ሴትዮዋ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ ላይ ያለው ዓመትም ይኸው ነው። ታዲያ ብሩ የዚያን ጊዜ ነው ማለት ነው? ላይሆን ይችላል። ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ብቻ ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮምና ለንደንም መትተውታል። ነጋዴው መልኩ የተለወጠ ብር አይቀበልማ!

ዋጋውን የሚሰጠው የመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም፤ በውስጡ ያለው ብር ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ገበያ ባይፈልገው እንኳ አንጥረኛ አቅልጦ መስቀል ወይም ድሪ ይሠራበታል።

ሐሰተኛው በምን ይለያል? ተቀባዩ ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አስጠግቶ ያያል፤ ዙሪያውን ያሉት ዘጠኝ ፈርጦች ጥርት ብለው መቆጠር አለባቸው። ከደበዘዙ ብሩ አልቋል፣ ክብደቱም ቀንሷል ብሎ ይመልሰዋል። ጠርዙ ላይ ጽሑፍ አለ። ዙሪያውን ሞርዶ ብር የሚሰርቅ ሰው ጽሑፉን ስለሚያጠፋው ወዲያው ይነቃበታል።

በርበሬና ጨው ለመግዛትስ? እዚህ ላይ ነበር ጭንቁ። ብሩ ለትንሽ ግዢ እጅግ ትልቅ ነው። ዝርዝሩ አሞሌ፣ ማለትም የተጠረበ ጨው ነበር፤ ጥይትም እንደ ዝርዝር ያገለገለበት ጊዜ አለ። የአሞሌ ምንዛሪ ግን በየአገሩ ይለያያል። ከአፋር የጨው ሜዳ በራቁ ቁጥር አሞሌው ይወደዳል፣ በአንድ ብር የሚያገኙትም ያንሳል።

ማጓጓዙም ያስወጣል። ሺህ ብር 28 ኪሎ ነው። በቅሎ ይፈልጋል፤ በቅሎዋ ነጂ፣ ነጂው ጠባቂ ይፈልጋል።

አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በራሳቸው መልክ ብር ፓሪስ አስመቱ። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ነበር። ግማሹ አላድ፣ ሩቡ ሩብ ይባላል፤ ከዚያ በታች ያሉም ነበሩ። ሆኖም ጠገራው ከገበያ አልወጣም። ይህን እንደ ግትርነት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እህሉን ሸጦ ብሩን ጎታ ውስጥ ለሚቀብር ገበሬ፣ የለመደውን መልክ ማመን ብቸኛው ዋስትናው ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ወጣ። የዚያን ጊዜው ሃምሳ ሳንቲምም ከብር የተሠራ ነበር። ጠገራው ቀስ በቀስ ወደ ሳጥን ገባ።

የእርስዎን ለመሸጥ ካሰቡ መጀመሪያ ያስመዝኑት። በውስጡ 23 ግራም ከግማሽ ያልሞላ ጥሩ ብር ስላለ፣ የዕለቱን የብር ዋጋ በዚያ ያባዙ። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው። በአመድም ሆነ በአሸዋ አይፈትጉት፤ ሰብሳቢዎች የተፋቀ ብር አይወዱም።