ኦቨርክሎኪንግ

ኦቨርክሎኪንግ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር አምራቹ ከወሰነለት የሰዓት ምት በላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን በአማርኛ «ከመጠን በላይ ማፍጠን» ሊባል ይችላል። ሥራው ሁለት ክፍሎች አሉት፦ አንደኛው የፕሮሰሰሩን የምት ፍጥነት መጨመር፣ ሁለተኛው ያን ፍጥነት እንዲሸከም ማዘርቦርዱ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ማስተካከል ነው። ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን መቀነስ ደግሞ አንደርቮልቲንግ ይባላል። እንደ መተማ ዮሐንስ ባሉ ሞቃት የቆላ ከተሞች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው።

የሰዓት ምት እና ማባዣ

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በምት ነው። የ4 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት አለው። ይህ ቁጥር የሚገኘው የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ምት በማባዣ ሲባዛ ነው። በዛሬዎቹ ማዘርቦርዶች መሠረታዊው ምት አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ ማባዣው 40 ከሆነ ውጤቱ 4 ጊጋኸርዝ፣ 44 ከሆነ 4.4 ጊጋኸርዝ ይሆናል።

በእያንዳንዱ ምት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ከአንድ የትራንዚስተሮች ረድፍ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው መድረስ አለበት። ለዚህ ጉዞ በ4 ጊጋኸርዝ 0.25 ናኖሰከንድ፣ በ5 ጊጋኸርዝ 0.2 ናኖሰከንድ ብቻ አለ። ምልክቱ ሳይደርስ ቀጣዩ ምት ከመጣ ፕሮሰሰሩ የተሳሳተ ዋጋ ይይዛል። ቮልቴጅ ሲጨመር ትራንዚስተሮቹ ቶሎ ይቀያየራሉ፤ ፍጥነትና ቮልቴጅ አብረው የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ በዚህ ሥራ ከታወቁት ፕሮሰሰሮች አንዱ ነው። ማባዣው በ4.5 የተቆለፈ ቢሆንም፣ የማዘርቦርዱ ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲነሣ ፕሮሰሰሩ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ግን ኢንቴል ማባዣውን እንደልብ ለመቀየር የሚፈቅደው በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» ለተጻፈባቸው ፕሮሰሰሮች ነው። የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጡ ማባዣቸው ክፍት ነበር፤ ሆኖም በኤ320 ቺፕሴት የተሠሩ ርካሽ ማዘርቦርዶች ይህን አይፈቅዱም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱንም ሞዴል ማጣራት ያስፈልጋል።

ለውድድር የሚሠሩ ባለሙያዎች ፕሮሰሰርን -196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን እያቀዘቀዙ ከ8 ጊጋኸርዝ በላይ አድርሰዋል። ይህ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ከዕለት ተዕለት አጠቃቀም ጋር አይነጻጸርም።

ቮልቴጅ እና ሙቀት

ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ከምቱ ፍጥነት ጋር እንዲሁም ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱ ከ4 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁም ከ1.20 ወደ 1.32 ቮልት ከፍ ቢል ሁለቱም በ10 በመቶ ጨመሩ ማለት ነው። ኃይሉ ግን 1.1 × 1.1 × 1.1 = 1.33 ይሆናል። በ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ተገዛ ማለት ነው። 90 ዋት ይፈጅ የነበረው ፕሮሰሰር ወደ 120 ዋት ይደርሳል።

ይህ ሙቀት በሂትሲንክና በማራገቢያ ወደ ክፍሉ አየር ይወጣል። ለምሳሌ አንድ ማቀዝቀዣ በእያንዳንዱ ዋት ፕሮሰሰሩን ከአካባቢው አየር በ0.4 ዲግሪ የሚያስበልጥ ነው እንበል፦

• 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል፣ በ90 ዋት፦ 22 + 36 = 58 ዲግሪ
• 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል፣ በ120 ዋት፦ 22 + 48 = 70 ዲግሪ
• 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል፣ በ90 ዋት፦ 40 + 36 = 76 ዲግሪ
• 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል፣ በ120 ዋት፦ 40 + 48 = 88 ዲግሪ

በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ አየር በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ስለሚችል እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ከፍ ይላል። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ተከታታይ ደግሞ 95 ዲግሪ ነው። ፕሮሰሰሩ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ምቱን ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚው የጨመረውን ፍጥነት አጥቶ የጨመረው ሙቀት ብቻ ይቀርለታል።

በመተማ ያለው ሁኔታ

መተማ ዮሐንስ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በሱዳን ጠረፍ ላይ ከገላባት ፊት ለፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 700 ሜትር ነው። የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት፣ በተለይም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ከላይ የተሰጠው የ40 ዲግሪ ስሌት እንግዲህ ለመተማ የቀን ከሰዓት በኋላ የተለመደ ሁኔታ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል። የመተማ አየር ሞቃት ቢሆንም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስላለ ከአዲስ አበባው በ15 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ በዚህም ትንሽ የተሻለ ሙቀት ይሸከማል። ይሁንና ይህ ጥቅም በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት አያካክስም።

ሌላው አቧራ ነው። በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ እርሻ የሚታወቀው ቆላ በበጋ አቧራማ ነው። አቧራ በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ሲጠቀጠቅ አየር ማለፍ ያቅተዋል፤ ከላይ የተጠቀሰው 0.4 ዲግሪም ወደ 0.5 ወይም ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል።

ማዘርቦርዱ ቮልቴጅን እንዴት ይሰጣል

ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት በፓወር ሰፕላዩ ወደ 12 ቮልት ይወርዳል። በማዘርቦርዱ ላይ፣ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት የቮልቴጅ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ 12ቱን ቮልት 1.2 ወደሚያህል ያወርዱታል። እነዚህ መቆጣጠሪያዎች ሂትሲንክ ከሌላቸው ወይም ቁጥራቸው ጥቂት ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ሳይሞቅ እነሱ ቀድመው ሊግሉ ይችላሉ።

በባዮስ ውስጥ የሚገኙት ዋና ዋና ቅንብሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• የኮር ቮልቴጅ፦ ለፕሮሰሰሩ ኮሮች የሚሰጠው ነው። በ«ቋሚ» ሲቀመጥ ኮምፒውተሩ ሥራ ባይኖረውም አይወርድም፤ በ«ኦፍሴት» ሲቀመጥ ግን ከፋብሪካው ቅንብር ላይ የተወሰነ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።
• የሜሞሪ ቮልቴጅ፦ ለዲዲአር4 መደበኛው 1.2 ቮልት፣ ለዲዲአር5 1.1 ቮልት ነው። ፈጣን ተብለው የሚሸጡ የዲዲአር4 ሜሞሪዎች ብዙ ጊዜ 1.35 ቮልት ይጠይቃሉ።
• ሎድ ላይን ካሊብሬሽን፦ ሥራ ሲበዛ የኮር ቮልቴጅ በተፈጥሮው ትንሽ ይወርዳል። ይህ ቅንብር መውረዱን ይከላከላል። ከመጠን በላይ ከተጠነከረ ግን ሥራው ድንገት ሲቆም ቮልቴጁ ከተወሰነለት በላይ ይዘላል።

«አውቶ» የሚለው ምርጫ ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከተቃጠሉ በኋላ ኤኤምዲ የኤስኦሲ ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ በባዮስ እድሳት ገድቧል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የታየው አለመረጋጋት ከከፍተኛ ቮልቴጅ ጋር የተያያዘ መሆኑን አምኖ፣ የማይክሮኮድ እድሳት አውጥቷል፤ የዋስትና ጊዜውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። እድሳቱ ተጨማሪ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አይመልስም።

መረጋጋትን መፈተን

ኮምፒውተሩ መነሣቱ ብቻ ቅንብሩ የተረጋጋ መሆኑን አያሳይም። ለመፈተን የተለመደው ፕሮግራም ፕራይም95 ነው። ይህ ፕሮግራም የመርሴን ዋና ቁጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ሲሆን፣ በፈተናው መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ስሌቶችን ይሠራል፤ ፕሮሰሰሩ ከተሳሳተ ወዲያውኑ ይታወቃል። ለሜሞሪ ሜምቴስት86 ያገለግላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ፋይሎችን በሌላ ዲስክ መገልበጥ።
2. አቧራውን አጽድቶ፣ የደረቀ ተርማል ፔስት ካለ ቀይሮ፣ በፋብሪካ ቅንብር ሙቀቱን መለካት።
3. ማባዣውን በ1 ብቻ ከፍ አድርጎ መፈተን።
4. ስሕተት ሲታይ ቮልቴጁን በ0.01 ወይም በ0.02 ቮልት መጨመር፤ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ወደ ኋላ መመለስ።
5. በመጨረሻው ቅንብር ለብዙ ሰዓታት መፈተን።

ፈተናው የሚደረግበት ሰዓት ወሳኝ ነው። በነሐሴ ሌሊት ያለፈ ቅንብር በሚያዝያ ቀን ከ9 ሰዓት ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ክፍሉ በ15 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ቢያንስ በዚያው መጠን ይሞቃልና። ስለዚህ በመተማ ያለ ተጠቃሚ መፈተን ያለበት በዓመቱ እጅግ በሞቀው ወቅትና ሰዓት ነው።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ እንቢ ካለ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት በብዙ ማዘርቦርዶች ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመልሰዋል።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አንድ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አንድ መደበኛ ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ሊያቆይ የሚችለው 16 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከአንድ ዑደት ያነሰ ማለት ነው። ስታቢላይዘር የወረደ ወይም የወጣ ቮልቴጅን ያስተካክላል እንጂ መጥፋትን አይከላከልም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ዩፒኤስ ነው። ኦቨርክሎክ የተደረገ ኮምፒውተር ብዙ ኃይል ስለሚስብ የዩፒኤሱን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል።

ጥቅም እና ጉዳት

ከኦቨርክሎኪንግ የሚገኘው ጥቅም ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ሙቀት ሲፈቅድ ራሳቸውን ስለሚያፈጥኑ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ከጉዳቶቹ ሁሉ የሚከፋው ግን መቃጠል ሳይሆን ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ አንድ ቢት ከተሳሳተ፣ ስሕተቱ በፋይሉ ላይ ይጻፋል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪም ሆነ የደንበኞችን ሰነድ የሚይዝ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይህን የሚያውቀው ፋይሉ አልከፈት ሲል ነው። በተጨማሪም በኦቨርክሎኪንግ የደረሰ ጉዳት በአብዛኛው በዋስትና አይሸፈንም።

በአንጻሩ አንደርቮልቲንግ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.14 ቢያወርድ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ኃይሉ በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 90 ዋቱ ወደ 81፣ 76 ዲግሪውም ወደ 72 ይወርዳል። እርሱም ቢሆን እንደ ኦቨርክሎኪንግ መፈተን አለበት፤ ቮልቴጅ ሲያንስም ስሕተት ይመጣልና። በሞቃት አካባቢ ሙቀት ገድቦት የነበረ ፕሮሰሰር ቮልቴጁ ሲቀነስለት ከበፊቱ ፈጥኖ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ደግሞ ይዩ

• ፕሮሰሰር
• ማዘርቦርድ
• ትራንዚስተር
• መተማ