ከግጥም የሰውን መልክ ስለ መሣል

በግጥም ምሽት ላይ አንድ ጥሩ ግጥም ሲነበብ የሰማ ሁሉ በግጥሙ ውስጥ የሚናገረውን ሰው ፊት በልቡ ሳያይ አይቀርም። የሥዕል ዝንባሌ ያለው ተማሪ ደግሞ ያንን በልቡ ያየውን ፊት ወደ ወረቀት፣ በዛሬው ዘመንም ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ስክሪን ለማውጣት ይመኛል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ጀምረው ይተዉታል፤ ሌሎችም ጨርሰው ሲያዩት ከግጥሙ ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ቆንጆ ፊት ሆኖ ያገኙታል። ይህ የሚሆነው እጅ ስላልታዘዘ ብቻ አይደለም፤ ከግጥሙ ወደ ሥዕሉ የሚያሻግረው መንገድ አስቀድሞ ስላልታሰበበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መንገድ በተቻለ መጠን ግልጽ አድርጎ ማሳየት ነው።

ግጥም የሚሰጠንና የማይሰጠን

በመጀመሪያ ግጥምና ሥዕል የሚለያዩበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጎትሆልት ኤፍሬም ሌሲንግ የተባለው የጀርመን ጸሐፊ በ1766 ባሳተመው «ላኦኮን» በተሰኘው መጽሐፉ (ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን እንዲህ ያስረዳል፤ ግጥም አንዱን ቃል ከሌላው ኋላ እያሰለፈ በጊዜ ውስጥ ይሄዳል፤ ሥዕል ግን ሁሉን ባንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያሳያል። ስለዚህ ሠዓሊው ከታሪኩ ሁሉ አንዲት ቅጽበት ብቻ መምረጥ ግዴታው ነው። ያችም ቅጽበት ያለፈውንም የሚመጣውንም የምታሳስብ መሆን አለባት።

ከራሳችን ሥነ ጽሑፍም ለዚህ ጥሩ ምስክር አለን። መልክዕ የተባለው የግዕዝ ድርሰት የቅዱሱን ስም በማንሣት ይጀምርና ፀጉሩን፣ ራሱን፣ ፊቱን፣ ቅንድቡን፣ ዓይኑን እያለ እስከ እግሩ ድረስ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በየራሱ አርኬ «ሰላም» እያለ ያመሰግናል። ስሙ ራሱ መልክ ማለት ነው። ነገር ግን ስንት ጊዜ መልክዕ የደገመ ሰው የቅዱሱ አፍንጫ ሰልካካ ይሁን ጎራዳ ሊነግረን አይችልም። ደራሲው ስለ ዓይን ሲናገር የዓይኑን ስፋት ሊለካልን አይደለም፤ ዓይኑ ምን እንዳየ፣ እጁ ምን እንደሠራ፣ እግሩ ወዴት እንደሄደ ሊያስታውሰን ነው። እንግዲህ ግጥም ለሠዓሊ የሚሰጠው ልክና መጠን ሳይሆን፣ ያ ሰው የኖረውን ኑሮ ነው። ልኩን የሚያመጣው ሠዓሊው ነው።

የአንድ ግጥም አራት ሥዕሎች

ሠዓሊው ከራሱ ምን ያህል መጨመር ይፈቀድለታል? በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ የታወቀ ክርክር አለ። የእንግሊዙ ባለቅኔ አልፍሬድ ቴኒሰን «የሻሎት እመቤት» የተባለውን ግጥሙን በ1832 አውጥቶ በ1842 አሻሽሎ አሳተመው። በግጥሙ ውስጥ አንዲት ሴት በግንብ ውስጥ ተቀምጣ፣ ውጪውን ዓለም በመስተዋት ብቻ እያየች ያየችውን ትሸምናለች፤ በቀጥታ ብታይ እርግማን ይደርስባታልና። አንድ ቀን ላንስሎት የተባለው ፈረሰኛ ሲያልፍ ዘወር ብላ አየችው፤ መስተዋቱ ተሰነጠቀ፤ እርስዋም በጀልባ ወንዙን ስትወርድ ሞተች።

በ1857 የቴኒሰን ግጥሞች ከሥዕል ጋር ሲታተሙ ዊልያም ሆልማን ሀንት ይህችን ሴት ፀጉሯ ነፋስ እንደመታው ተበታትኖ፣ የሽመናዋ ክር ሰውነቷን ተብትቦ ሣላት። ሀንት በኋላ ራሱ እንደጻፈው ቴኒሰን በዚህ ቅር ተሰኘ፤ ፀጉሯ እንዲህ ተበተነ ብዬ መቼ ጻፍሁ፤ ሠዓሊ በጽሑፉ ከሌለው አንዳች መጨመር የለበትም አለው። ሀንትም፣ ላንተ ብዙ ገጽ አለህ፣ እኔ ግን ሁሉን በግማሽ ገጽ ላሳይ ይገባኛል ሲል መለሰለት።

ጆን ዊልያም ዋተርሃውስ ደግሞ ከዚሁ ግጥም ሦስት ሥዕሎች አወጣ። በ1888 በጀልባ ላይ ሳለች፣ በ1894 ፈረሰኛውን ለማየት ብድግ ስትል፣ በ1915 ገና ከሽመናዋ ፊት ተቀምጣ ስትቆዝም ሣላት። ግጥሙ አንድ ሲሆን ቅጽበቱ ሦስት ስለሆነ ሦስት የተለያዩ ፊቶች ወጡ። በ1888ቱ ሥዕል ጀልባዋ ላይ ሦስት ሻማዎች አሉ፤ ሁለቱ ጠፍተዋል፣ አንዱ ብቻ ይነዳል። ቴኒሰን በጀልባዋ ላይ ሻማ አላኖረም። ሆኖም ሻማው የተወለደው ከግጥሙ ፍሬ ነገር፣ ማለትም ከሕይወቷ ማለቅ ስለሆነ፣ ባዕድ ሆኖ አይታይም። እንግዲህ መመዘኛው ይህ ይመስለኛል፤ የተጨመረው ነገር ከግጥሙ ትርጉም የወጣ እንደሆነ ይቁም፤ ከሠዓሊው የጌጥ ፍላጎት ብቻ የመጣ እንደሆነ ይውጣ።

ከብሩሽ በፊት ንባብ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጇን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሸኘች እናት በስልክ የምትናገርበት ግጥም አለ እንበል። እናቲቱ የምትጠይቀው ስለ አገሩ ሙቀት፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ ብቻ ነው። ይህ ሰሙ ነው። ወርቁ ግን «በሕይወት አለሽን? እጅ የሚያነሣብሽ አለን?» የሚል ነው፤ ይህን ግን አንድም ጊዜ በአፏ አታወጣውም።

ሠዓሊው ግጥሙን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያንብብ። በመጀመሪያው ንባብ በዓይን የሚታየውን ሁሉ ይጻፍ፤ ስልክ፣ የከሰል ምድጃ፣ ነጠላ፣ ሌሊት። በሁለተኛው ሰሙንና ወርቁን ለይቶ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስቀምጥ። በሦስተኛው ቅጽበቱን ይምረጥ። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ቸኩሎ እንባ ይሥላል። ነገር ግን እናቲቱ በግጥሙ ውስጥ ጭንቀቷን ከልጇ እየደበቀች ነው፤ ስለዚህ የሚያለቅስ ፊት ግጥሙን ይቃረናል። ትክክለኛው ቅጽበት እርስዋ ጥያቄዋን ጨርሳ መልሱን የምትጠብቅበት ነው፤ አፏ ለፈገግታ የተዘጋጀ፣ ቅንድቧ ግን ያልተፈታ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እንዲህ ያሉ እናቶች በየሰፈራችን አሉ፤ ፊታቸውን የልመና ማስታወቂያ ማድረግ በግጥሙም በእነርሱም ላይ በደል ነው።

መሣሪያውና ሸራው

በስክሪን ላይ በብዕር መሣል አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢቫን ሰዘርላንድ «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም ያሳየው በ1963 ነበር። ዛሬ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ግፊትን የሚለይ ብዕር ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም በስልክ ላይ በጣት የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው።

ሸራው ወርዱ 3,000፣ ቁመቱ 4,000 ፒክስል ይሁን። ይህ በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም 25.4 በ33.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ነገር ግን የኮምፒውተራችሁን አቅም አስሉ፤ 3,000 በ4,000 ማለት 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል በተለመደው አሠራር 4 ባይት ስለሚወስድ አንድ ሙሉ ሌየር 48 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። ሃያ ሌየር የከፈተ ሰው ወደ አንድ ቢሊዮን ባይት የሚጠጋ የማስታወሻ ቦታ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ከአምስት ወይም ከስድስት ሌየር ባያልፍ ይሻለዋል። መብራት በድንገት ሊጠፋ ስለሚችልም ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አስቀድሞ ማዘዝ ይገባል።

ሌየር ማለት እንደ መስተዋት የሚያሳይ ሉክ ነው ብላችሁ አስቡት፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል፣ የታችኛው ሳይበላሽ የላይኛው ይደመሰሳል። በታችኛው ንድፉን፣ በሁለተኛው ጥላና ብርሃኑን፣ በሦስተኛው ቀለሙን፣ በላይኛው ዝርዝሩን ማኖር በቂ ነው።

ንድፍ፣ ጥላና ብርሃን

በንድፉ ጊዜ ጥቂት ልኮችን ማወቅ ይረዳል። የጎልማሳ ሰው ዓይኖች ከራስ ቅሉ አናት እስከ አገጩ ካለው ቁመት መካከል ላይ ናቸው፤ ጀማሪዎች ግን ግንባርን እያሳነሱ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅሉታል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ዓይን ስፋት ያህል ነው። እነዚህ መነሻ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም፤ የአንድን ሰው ፊት የእርሱ ብቻ የሚያደርገው ከዚህ ልክ የሚያፈነግጥበት መጠን ነውና። በየጊዜው ሥዕሉን ግራና ቀኙን ገልብጦ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ በክሪታ የኤም ፊደል ሲነካ ይገለበጣል። ዓይን የለመደው መጣመም ያን ጊዜ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ቀለም ሳይነካ በግራጫ ብቻ፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ባሉ አምስት ደረጃዎች፣ ፊቱን በትላልቅ ጠፍጣፋ ቅርጾች መክፈል ነው። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ስታዩት የፊቱ ሁኔታ ከታወቀ ሥዕሉ ቆሟል ማለት ነው። ካልታወቀ ግን ምንም ዓይነት ቀለም አያድነውም።

በምሳሌያችን ሁለት ብርሃን አለ። አንዱ የከሰሉ ፍም ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ከጎን የሚመጣ። ሁለተኛው የስልኩ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊ፣ ከታች የሚመጣ። ከታች የሚመጣ ብርሃን አገጭን፣ የአፍንጫን ሥርና የቅንድብን ሥር ያበራል፤ ግንባርን ያጨልማል። ሲኒማ ሠሪዎች ተመልካችን ለማስፈራራት የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የስልኩ ብርሃን ከበረታ እናቲቱ አስፈሪ ትሆናለች። የፍሙ ብርሃን ይግዛ፤ የስልኩ ደግሞ እንደ ስስ መጋረጃ ይጨመርበት።

የቆዳ ቀለም

በዚህ ላይ ብዙ የትምህርት ቪዲዮዎች የሚረዱን ለነጭ ቆዳ በተመረጡ ቀለሞች ነው፤ ለጠይም ቆዳ ጥላውን በጥቁር ማጨለም ብቻ የሚበቃ የሚመስላቸውም አሉ። እንዲህ ያለው ፊት የሞተ ይመስላል። የጠይም ቆዳ ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ወደ ቀይ ቡኒ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ነው። የሚያብረቀርቀው ቦታ ግን የብርሃኑን ቀለም በጉልህ ይቀበላል፤ የፍሙ በሆነበት ወርቃማ፣ የስልኩ በሆነበት ሰማያዊ ይሆናል። ቆዳ በሚሳሳበት በጆሮና በአፍንጫ ቀዳዳ ጠርዝ ብርሃን ሰርጎ ስለሚያልፍ ቀላ ማለት ይገባዋል።

በግራጫው ላይ «ከለር» በተባለው የሌየር ዓይነት ቀለም ማልበስ ፈጣን መንገድ ነው፤ ነገር ግን ጥላው ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። መድኃኒቱ በላዩ ተራ ሌየር ከፍቶ፣ ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት ወሰን ላይ ሞቅ ያለ ቀለም በእጅ መጨመር ነው።

በመጨረሻ ዝርዝሩ ይመጣል። ሁሉን እኩል ማጥራት አይገባም፤ ተመልካቹ እንዲያርፍበት የምትፈልጉት ቦታ ይጥራ፣ ነጠላውና ፀጉሩ ይደብዝዙ። በእናቲቱ ብሌን ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሰማያዊ ብርሃን ብትቀመጥ የስልኩ ነጸብራቅ ትሆናለች። ሰሙን የሚያይ ስልክ ያያል፤ ወርቁን የፈታ ግን በእናቲቱ ዓይን ውስጥ ያለው ያች ልጅ መሆኗን ይረዳል።

ማሽኑ ይሥለው ለሚሉ

ከ2022 ወዲህ ጥቂት ቃላት ሲጻፍላቸው ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ቀርበዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩት ከኢንተርኔት ከተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ምስሎችና አብረዋቸው ከተገኙ፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ከተጻፉ መግለጫዎች ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊት እናት» ሲባሉ የሚሰጡት ፎቶ አንሺዎች ደጋግመው ያነሷትን እናት የምትመስል ፊት ነው፤ የግጥሙን እናት አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቅጽበት መምረጥና ሰምና ወርቅ መለየት ግጥሙን ማንበብ ራሱ ነው። ያን ለማሽን የሰጠ ተማሪ ሥዕል አገኘ እንጂ ግጥሙን አላነበበም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግጥሙን ከሥዕሉ ጋር ለማተም የሚፈልግ ገጣሚውን ያስፈቅድ። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል።

ሥዕሉ ሲያልቅ ግጥሙን ላልሰማ አንድ ጓደኛ አሳዩትና «ይህች ሴት ምን ትጠብቃለች?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ግጥሙን አንብቡለት። እንደገና ወደ ሥዕሉ ተመልሶ ዝም ብሎ ካየ፣ ሥራችሁ ለሚቀጥለው የግጥም ምሽት ደርሷል፤ ከአንባቢው አጠገብ ስቀሉት።